ደቻቱ ወንዝ ከሆነ ዓሣው የት አለ?

«ወንዝ» የሚለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፍን። ከቃሉ ሥር ደግሞ ዓሣ ሣልን። አንዲት እናት ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ እኛ የምናውቀው ወንዝ ደቻቱን ነው። ደቻቱ አሸዋ አለው፣ ጎርፍ አለው። ዓሣ ግን አይተንበት አናውቅም። ታዲያ ደቻቱ ወንዝ አይደለም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። ሰው ስለሚኖርበት አገር ውኃ ሊጠይቃቸው ከሚገቡ ጥያቄዎች ዋናው ነው። ስለዚህ የዚህን ሳምንት ገጽ ለእርሳቸው ጥያቄ ሰጥተነዋል።

ከሐርላ እንነሣ። ሐርላ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ በኩል የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። የተቀመጠችው ዳገት ላይ ነው። ወደ ላይ ስንሄድ ደንገጎ አለ፤ የሐረርጌ ደጋ እዚያ ይጀምራል። ወደ ታች ስንወርድ ድሬዳዋ አለች፤ ከእርስዋም በታች ሰፊው የሽንሌ ቆላ ተዘርግቷል። ሐርላ እንግዲህ በደጋና በቆላ መካከል፣ በደረጃው ላይ ቆማለች ማለት ነው።

አሁን የቤታችንን የቆርቆሮ ጣራ እናስብ። ጣራው አናት አለው። ዝናብ ሲዘንብ ከአናቱ ወዲህ ያረፈው ጠብታ በፊት ለፊት ይወርዳል፤ ከአናቱ ወዲያ ያረፈው በጓሮ ይወርዳል። ሁለቱ ጠብታዎች ሲወድቁ በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ ላይኖር ይችላል። መጨረሻቸው ግን ለየቅል ነው። የሐረርጌ ተራራም እንዲሁ ነው። ከተራራው አናት በስተደቡብ የዘነበው ዝናብ ወደ ዋቢ ሸበሌ ወንዝ ያዘነብላል፤ ዋቢ ሸበሌም ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። ከአናቱ በስተሰሜን የዘነበው ግን በእኛ በኩል ይመጣል። አንድ ወንዝ ውኃውን የሚሰበስብበት አገር በሙሉ «ተፋሰስ» ይባላል። እኛ ያለንበት የአዋሽ ተፋሰስ ነው።

«አዋሽ ከእኛ ሩቅ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሩቅ ነው። ደቻቱ ከድሬዳዋ አልፎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው ይወርድና በአሸዋና በፀሐይ መካከል ይጠፋል። ቢሆንም መሬቱ የሚያዘነብለው ወደዚያው ስለሆነ ሊቃውንቱ ከአዋሽ ቤተሰብ ይቆጥሩታል። ጎረቤቶቹም እንደ እርሱ ናቸው። ለምሳሌ ለገሃሬ የሚባለውን እንውሰድ። በኦሮምኛ ለጋ ማለት ወንዝ ነው፤ ሃሬ ማለት ደግሞ አህያ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ወንዝ ብለው ጠርተውታል፤ ውኃ ግን ዓመቱን ሙሉ አይታይበትም። እንግዲህ የእናታችን ጥያቄ ግማሹ እዚህ ላይ ተመለሰ፤ ደቻቱ ወንዝ ነው። መሄጃ አለው፣ ተፋሰስ አለው፣ ገባሮች አሉት። የጎደለው ነገር ሌላ ነው።

ባቡሩ ያቃተው ዳገት

በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሜዳ ደረሰ። የዚያን ጊዜ ትልቋ ከተማ ሐረር ነበረች። ባቡሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ነገር ግን ከፊቱ ተራራ ተደቀነበት። ሐዲዱን በዚያ ዳገት ላይ ማውጣት ከባድና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከደቻቱ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ ሆነው ከተማዋ በወንዙ ግራና ቀኝ አደገች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ባቡሩን ያቆመው ዳገት፣ ውኃውን ደግሞ የሚያስሮጠው ያው ዳገት ነው።

ይህን በሒሳብ እንየው፤ እርሳስ ያዙ። የተራራው አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ናት። ልዩነቱ ቢያንስ 800 ሜትር ነው። ውኃው ይህን ሁሉ የሚወርደው በ30 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ 800ን ለ30 ስናካፍል በአንድ ኪሎ ሜትር 27 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የስምንት ፎቅ ቤት ያህል ቁልቁል መውረድ ነው።

አዋሽን ደግሞ እናስላ። አዋሽ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው፤ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። የሐይቁ ከፍታ 240 ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ቁልቁለት በአማካይ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። በእርግጥ አዋሽም የሚዘልበት ቦታ አለው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን ፏፏቴ ያየ ሰው ያውቀዋል። በጠቅላላው ግን አዋሽ ይራመዳል፤ ደቻቱ ይሮጣል።

ዝናብ ደንገጎ ላይ ሲወርድ ደቻቱ ይሞላል። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይጎድላል። በነጋታው አሸዋው ላይ ገበያተኛ ይቆማል፣ ከብት ያልፍበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንግዲህ ዓሣ እዚያ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ዓሣ ምን ይፈልጋል?

ዓሣም እንደኛ ይተነፍሳል። አየሩን የሚወስደው ግን ከውኃው ውስጥ ነው። ከጭንቅላቱ በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ ሥጋ አለው፤ ስንጥብ ይባላል። ውኃ በአፉ ይገባል፣ በስንጥቡ በኩል ይወጣል፤ በዚያ መካከል በውኃው ውስጥ የተሟሟው አየር ወደ ደሙ ይገባል። ቀዝቃዛና የሚናጥ ውኃ ብዙ አየር ይይዛል። የሞቀና የቆመ ውኃ አነስተኛ አየር ይይዛል። በድሬዳዋ ፀሐይ የቀረ የጎርፍ ኩሬ እንግዲህ እንዴት እንደሚሆን መገመት ነው፤ ይሞቃል፣ አየሩ ያልቃል፣ ከዚያም ይደርቃል።

መተንፈስ ብቻ አይደለም። ዓሣ ዕንቁላል የሚጥልበት ቦታ ይፈልጋል። ጫጩቱ የሚበላው ይፈልጋል። አድጎ ለመውለድ ወራት ይፈልጋል። የውኃው ዕድሜ ከዓሣው ዕድሜ ካጠረ ዘር አይተካም። ስለዚህ ወንዝ ውስጥ ዓሣ መኖሩ ውኃው በጋ ከክረምት እንደሚቆይ ምስክር ነው። ወረቀት የማያስፈልገው ምስክር!

አዋሽ ውስጥ ያሉትን እንይ፤ እያንዳንዱ የራሱ ዘዴ አለው።

ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጠፍጣፋና ባለቅርፊት ነው። ቆቃ ሐይቅ ላይ በብዛት ይጠመዳል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. አዋሽ ተገድቦ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። የቆሮሶ እናት ዕንቁላልዋን በአፍዋ ይዛ ታስፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እናታቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ዕንቁላሉ አፍዋ ውስጥ ሳለ እንደ ልብዋ አትመገብም። እንዲህ ያለች እናት ረጋ ያለ ውኃ ያስፈልጋታል፤ ድንጋይ የሚያንከባልል ጎርፍ ውስጥ ልጅ ማሳደግ አትችልም።

ቢልጫ ደግሞ የሚፈስስ ውኃ ይወድዳል። ክረምት ሲገባና ገባሮቹ ሲሞሉ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ይዋኛል። ንጹሕ ጠጠር ባለበት፣ ውኃው በሚንፏፏበት ቦታ ዕንቁላሉን ይጥልና ይመለሳል። ለዚህ ዓሣ ተራራው ማጀት ነው ማለት ይቻላል። ከተራራው ጭቃ ወርዶ ጠጠሩን ከሸፈነው ግን ዕንቁላሉ አየር ያጣና ይሞታል። ላይ ያለ ገበሬ ማሳው ሲሸረሸርበት ታች ያለው ዓሣ ዘሩ ይቀንሳል። ገበሬውና ዓሣው ተያይተው አያውቁም፤ ጉዳታቸው ግን አንድ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ አፉ ዙሪያ እንደ ድመት ረጃጅም ጢም አለው። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከላይ ያለውን አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ኩሬው ሲጎድል ጭቃ ውስጥ ይቆያል። ሣሩ በረጠበ ጊዜ ደግሞ በደረቱ እየተሳበ ወደ ሌላ ውኃ ሊሄድ ይችላል። ድርቅን የለመደ ዓሣ ነው። አምባዛም ቢሆን ታዲያ ጭቃ ይፈልጋል፤ ንጹሕ ደረቅ አሸዋ ለእርሱም አይሆነው።

ሌላም ትንሽ ዓሣ አለ፤ ከጣት ብዙም አይበልጥም። ከአገጩ ሥር እንደ ክብ መጣበቂያ ያለ ነገር አለው። ውኃው በኃይል ሲመጣ በዚያ መጣበቂያ ድንጋይ ይዞ ይቀራል። ድንጋይ ላይ የሚያድገውን አረንጓዴና ሙልጭልጭ ነገር እየፋቀ ይበላል። ለተራራ ውኃ የተፈጠረ ነው።

አዋሽ ባሕር አይደርስም። መጨረሻው አቤ ሐይቅ ጨው የበዛበት ነው። ስለዚህ የአዋሽ ዓሦች ከላይ በተራራ፣ ከታች በጨው ተዘግተው ይኖራሉ። አገራቸው ያው ወንዙ ብቻ ነው። ወንዙ ከጎደለ የሚሰደዱበት የላቸውም።

ወደ ሐርላም የባሕር ነገር መጥቶ እንደነበር እግረ መንገዳችንን እንናገር። በሐርላ መሬት ሲቆፈር ከ800 ዓመት በፊት የነበረ መስጊድ መገኘቱ በ2009 ዓ.ም. ለዓለም ተነግሯል። ከፍርስራሹ የባሕር ዛጎል፣ የመስተዋት ስባሪ፣ ዶቃ፣ የግብፅ ገንዘብ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ ወጥቷል። ዛጎሉ ከሩቅ ባሕር ተነሥቶ ቆላውን አቋርጦ ይህን ዳገት ወጥቷል። ትልልቆቹን ድንጋዮች አይተው «ይህን የሠሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ግዙፍ ይሁኑ አይሁኑ፣ ያን ያህል ሕዝብ ዳገት ላይ ለመኖር ውኃ የሚይዝበት ዘዴ ሳያስፈልገው አልቀረም።

የሐምሌ 30 ሌሊት

ሩጫው ዓሣ ብቻ አይደለም የሚከለክለው። ሰውም ይወስዳል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ዘነበ። የድሬዳዋ ሕዝብ ተኝቷል። ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ዳሩንም አልፎ ወደ ቤቶች ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች ደብዛቸው ጠፋ። በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ጎርፉ የመጣው ለመነሣት፣ ልጅ ለማቀፍ፣ በር ለመክፈት እንኳ ጊዜ በማይሰጥ ፍጥነት ነው። እንዲህ ያለውን ውኃ አማርኛችን «ደራሽ ውኃ» ይለዋል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሳይጠሩት ይደርሳል።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግንቡ የሚጠብቀው ታች ነው። ውኃው የሚነሣው ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከዋክብት እየታዩ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ዝናቡ እኮ ደንገጎ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ በበልግና በክረምት በደቡብ በኩል ተራራው ላይ ሲጠቁርና ሲያብረቀርቅ ያየ ሰው አሸዋው ላይ አይተኛም፣ ከብት አያሳድርም፣ ዕቃ አይተውም። ሞልቶ ሲሄድ ያየውንም «እስከ ጉልበቴ ነው» ብሎ አይሻገረውም። በፍጥነት የሚወርድ ውኃ ጉልበት ላይ እንኳ ቢደርስ ጎልማሳ ይጥላል፤ በውስጡ የሚንከባለለው ድንጋይ ደግሞ አይታይም።

ያ ሁሉ ውኃ የት ሄደ? ከፊሉ ቆላ ወርዶ በፀሐይ ተነነ። ከፊሉ ግን አሸዋው ውስጥ ሰርጎ ገባ። አሸዋ ሲታይ ደረቅ ነው፤ ጎድጎድ አድርገው ሲቆፍሩት ይረጥባል፣ ጨምረው ሲቆፍሩት ውኃ ያቀርራል። ይህን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በታች ደግሞ ውኃው በአለት ስንጥቅ ውስጥ ይጠራቀማል። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት ሥር የሚወጣ ውኃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ለረጅም ዘመን ከተማዋን አጠጥተዋል። እንግዲህ ተራራው ላይ የዘነበ ውኃ ሁለት መንገድ አለው። ቀስ ብሎ ከሄደ መሬት ይገባና ጉድጓድ ይሞላል። ከሮጠ ከላይ አልፎ ቤት ያፈርሳል። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው።

ሩጫውን የሚወስነው ላይ ያለው መሬት ነው። ዛፍና ሣር ያለበት መሬት የዝናቡን ምት ይቀበላል፤ ሥሩ አፈሩን ይከፍታል፣ ውኃው ይሰርጋል። ራቁቱን የቀረ ዳገት ግን እንደ ቆርቆሮ ጣራ ነው፤ የወረደበትን ሁሉ ወዲያው ያንሸራትታል። ማሽላና ጫት በሚዘራበት በዚህ አገር ዳገቱን ማረስ ግድ ነው፤ ሰው ይብላ እንጂ! ግን እርከን ያለው ማሳና እርከን የሌለው ማሳ ልዩነታቸውን ለመረዳት አንድ ዝናብ ይበቃል። እርከን ከሌለው ማሳ የሚወጣው ውኃ ቀይ ነው፤ ቀይ የሆነው አፈር ስለያዘ ነው። ከእርከኑ ሥር የሚወጣው ግን ቀስ ይላል፣ ይጠራልም። ቦረቦር ላይ በድንጋይ ክትር መሥራትም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ክትሩ ኋላ ደለል ይሞላል፤ ያ ደለል ውኃ ይይዛል፤ ሣር ይበቅልበታል። ክትር የሚጀመረው ደግሞ ከላይ ነው፣ ጭረቱ ገና ትንሽ ሳለ። ታች ጎርፉ ከጠነከረ በኋላ የሚሠራ ክትር ብዙውን ጊዜ አብሮ ይሄዳል።

ሐርላ ላይ ያለ አንድ ገበሬ እርከን ሲሠራ የራሱን አፈር ይጠብቃል። መጋላ ያለ፣ ፈጽሞ የማያውቀው ሰው ደግሞ ሌሊቱን በሰላም ያድራል። ታች ያሉት ከተሜዎች ይህን ሥራ ቢያግዙ እኛ ተገቢ ነው እንላለን፤ ድንጋይ መሸከም የላይኛው ሰው ዕዳ ብቻ መሆን የለበትም።

በመጨረሻ ስለ ሐረማያ እናውጋ፤ ከደንገጎ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ነው ያለው። ድሮ ዓለማያ ይባል ነበር። ሐረማያ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ነበረው። ዓሣ ይጠመድበት ነበር፤ የሐረር ከተማም ከእርሱ ትጠጣ ነበር። ዙሪያውን ያለው ገበሬ በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት አጠጣበት። ከኮረብታው የወረደው ደለል ደግሞ ከሥር ሞላው። ከላይ ይቀዳል፣ ከታች ይደለላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ የሚሄድበት ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ። ሐረርም ውኃ ፍለጋ ወደ ታች፣ ወደ ድሬዳዋ በኩል ወረደች፤ በሐሰሊሶ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውኃው በቧንቧ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ እንዲወጣ ተደረገ። ከደጋ ወደ ቆላ በነፃ ይወርድ የነበረው ነገር በሞተር ጉልበትና በገንዘብ ተመልሶ ወደ ደጋ ወጣ ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ውኃው ሐረማያ ላይ እንደገና ታይቷል። በዙሪያው ያለው ዳገት አሁንም ይታረሳል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሮቹም አሁንም እዚያው አካባቢ አሉ።